ውሃ ጠጥቼ ከቱሉ ዲምቱ

ጠዋት አንድ ሊትር ውሃ ጠጥቼ ከቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለአልትራሳውንድ ምርመራ ነው፤ ፊኛ ሲሞላ ማህፀንና እንቁላል እጢ ጥርት ብለው ይታያሉ ተብያለሁ። ታክሲው በዘለለ ቁጥር ጥርሴን ነከስኩ።

የወር አበባዬ ከቀረ አራት ወር አልፎታል። አምና አንድ ክሊኒክ «ሲስት (ውሃ የቋጠረ እብጠት) አለብሽ» ብለው ወረቀት ሰጥተው ሸኙኝ። ስንት ሌሊት አለቀስኩ! የዛሬዋ ሐኪም ግን ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ጥቋቁር ክብ ክብ ነገሮች ዳር ዳሩን ተደርድረዋል፤ ልክ እንደ መቁጠሪያ። «እነዚህ ሲስት አይደሉም የኔ እህት። ማደግ ጀምረው መሃል ላይ የቆሙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው» አለችኝ። እፎይ አልኩ።

ቀጥላ የደም ፍሰትን በቀለም የሚያሳየውን ዶፕለር ከፈተችው። ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ አለ። ቀዩ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፣ ሰማያዊው የሚርቅ። ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሲኖር እንቁላል እጢው ውስጥ የደም ፍሰቱ ብዙ ጊዜ ይጨምራል፤ ወደ ማህፀን የሚሄደው ደም ግን ጠበቅ ያለ መንገድ ይገጥመዋል።

ይሄ ብቻውን ታመሻል አያሰኝም። ችግሩን ለመለየት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2003 ሮተርዳም ላይ የተስማሙባቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንዴ ሆርሞን መብዛት፣ የአልትራሳውንድ ምስሉ። ሁለቱ መገኘት አለባቸው፤ የታይሮይድ ችግርና የመሳሰሉትም አስቀድመው ይጣራሉ። እኔም ደም ሰጥቼ ወጣሁ።

በር ላይ አንዲት ልጅ የውሃ ላስቲኳን አቅፋ ተቀምጣለች። «ስክሪኑን አዙሩልኝ በያቸው» አልኳት።