«ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል»

ጸሎተ ሐሙስ ነበር፤ ሚያዝያ 1 ቀን 2018። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሚኒ ማርኬት ውስጥ ሰልፉ በሩን አልፎ ደረጃው ላይ ደርሷል። ሰው የሚወስደው የታወቀ ነው፤ ዘይት፣ ዱቄት፣ የድፎ ዳቦ እርሾ፣ ወተት። ሻጩ ሥራ ከጀመረ ሦስተኛ ወሩ ነው። ፈጣንና ትሁት ልጅ ነው፤ መልስ ሲሰጥ አንዲት ብር አትስተውም።

ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ባለ 400 ግራም የዱቄት ወተት ከመደርደሪያው አንሥተው ሰጡት።

«ልጄ፣ ዓይኔ እንዲህ ያለውን ደቃቅ ጽሕፈት አያነብልኝም። ጊዜው እንዳላለፈበት እስቲ እይልኝ።»

ልጁ ከረጢቱን ገለበጠና ከግርጌው የታተመውን አነበበ። «ዜሮ ሦስት፣ ሁለት ሺህ ሃያ ስድስት ይላል እማማ። እኛ ገና 2018 ነን። ስምንት ዓመት ይቀረዋል፤ አያስቡ።»

«እሰይ! እንግዲያው ሦስት አድርግልኝ። ለልጅ ልጆቼ ነው።»

ይህ «ሦስት አድርግልኝ» እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ሴትዮዋ መጠየቅ ያለባቸውን ጠይቀዋል፤ ልጁም ሳይሰለች ገልብጦ አንብቦ መልሶላቸዋል። ከሁለቱ የዋሸ የለም። ግን ጥያቄው ከነጭራሹ ባይነሣ አንድ ከረጢት ይዘው ይሄዱ ነበር፤ በመነሣቱ ሦስት ሊወስዱ ሆነ።

ከኋላቸው የቆመች ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወንድሜ፣ እሱ እኮ በፈረንጆቹ ነው። በእነሱ አሁን 2026 ነው» አለችው።

ልጁ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ሌላ መልስ አገኘ። «እሺ፣ በፈረንጅም ይሁን። ሦስተኛው ወር ኅዳር አይደል? ኅዳር ገና ሰባት ወር ይቀረዋል።»

«የፈረንጅ ሦስተኛ ወር ማርች ነው። ማርች አልፏል። ዛሬ ኤፕሪል 9 ነው።»

እናትየው ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው። «ታዲያ የትኛችሁን ልመን?» አሉ።

ባለ ሱቁ ከስቶር ወጣ። ከረጢቱን ተቀብሎ ብርሃን ላይ አየውና «ልጅቷ ልክ ናት። ከመደርደሪያው አውርደው» አለ። ተወርዶ ሲቆጠር ከ17ቱ ከረጢት 11ዱ ላይ ያለው ያው 03/2026 ነው። ስቶር ውስጥ ደግሞ 11/2026 የሚል ካርቶን ፕላስተሩ ሳይነካ ተቀምጧል።

የልጁ ሁለት ስሕተት በየሱቁ በየቀኑ የሚሠራ ስለሆነ ልብ ብሎ ማየት ይገባል። መጀመሪያ የፈረንጁን ዓመት በእኛ ቆጠረ፤ ስምንት ዓመት አተረፈ። ሲታረም ወሩን በእኛ ቆጠረ፤ ሰባት ወር አተረፈ። ሁለቱም ስሕተት ቀኑን ወደ ፊት ነው የሚገፋው። ለዚህ ነው የሚከፋው፤ ገዢውንም ሻጩንም ደስ የሚያሰኝ መልስ ስለሚሰጥ መልሶ የሚያጣራው ሰው የለም።

መላው ቀላል ነው። በፈረንጅ የተጻፈው ወር ቁጥር ላይ 4 ጨምር፤ ከ12 ካለፈ 12 ቀንስለት። የምታገኘው ያ ወር የሚያልቅበት የእኛ ወር ነው። 3 ሲደመር 4 ሰባት፤ ሰባተኛው መጋቢት ነው። 8 ሲደመር 4 አሥራ ሁለት፤ ነሐሴ። 11 ሲደመር 4 አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሦስት፤ ኅዳር። ዓመቱን ደግሞ ከ1 እስከ 8 ላለው ወር 8 ቀንስ፤ ከ9 እስከ 12 ላለው 7 ቀንስ። የፈረንጅ ወር ሁልጊዜ የሚያልቀው በእኛ ከ19 እስከ 25 ባለው ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ 03/2026 ማለት መጋቢት 22 ቀን 2018 ነው። ቀን ሳይጻፍ ወርና ዓመት ብቻ ከተጻፈ የሚታሰበው እስከ ወሩ መጨረሻ ስለሆነ ወተቱ በጸሎተ ሐሙስ ዘጠኝ ቀን አልፎታል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስ መሠረት ዕድሜው ከሦስት ወር የማይበልጥ ምግብ ቀንና ወር ይጻፍበታል፤ ከዚያ ለሚበልጠው ወርና ዓመት ይበቃዋል። የዱቄት ወተት፣ መኮሮኒና የታሸገ ቲማቲም ላይ ብዙ ጊዜ ቀን የማናገኘው ለዚህ ነው።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል። አንዳንድ የአገር ውስጥ አምራች በእኛው አቆጣጠር ያትማል። 12/08/18 የሚል ካየህ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ የለመደ ዓይን ግን ስምንት ዓመት ገደማ ያለፈበት መስሎት ደህናውን ዕቃ ይጥለዋል። አጠገቡ ዓ.ም. የሚል ካለ ወይም የምርቱ ቀን አብሮ ካለ ሁለቱን አስተያይ፤ ጉዳዩ ወዲያው ይጠራል። ከምርቱ ቀን እስከ ማብቂያው ያለው ርቀት ራሱ ይናገራል። የዱቄት ወተት አንድ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ሲሰጠው ያምራል፤ እርጎ ሁለት ዓመት ከተሰጠው ግን ወይ አነባበቡ ወይ ጽሑፉ ተሳስቷል።

ጎንደር ላይ ሌላም ፈተና አለ። በመተማ በኩል የሚገባው ብስኩት፣ ወተትና ጭማቂ ብዙ ጊዜ በዓረብኛ ቁጥር ነው የሚታተመው። በዚያ አጻጻፍ ዜሮ ነጥብ ብቻ ናት፤ ክብ ሆኖ ዜሮ የሚመስለው 5 ነው። የእኛን 7 የሚመስለው 6 ነው። አፉን ወደ ላይ የከፈተው 7፣ ተገልብጦ እንደ ጎጆ ጣሪያ የቆመው 8። ይህን ያላወቀ 2025ን 2020 ብሎ ያነበዋል፤ 2026ን ደግሞ 2027 ብሎ አንድ ዓመት ያተርፍለታል። በዚያ ላይ ያ ዕቃ ሸኽዲንና ጭልጋን አልፎ እዚህ እስኪደርስ በቆላው ሙቀት በሸራ ሥር ተጭኖ ነው የሚመጣው። የታተመው ቀን ደግሞ ዕቃው በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚቀመጥ ታስቦ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ቸኮሌቱ ነጥቶ፣ ብስኩቱ የቆየ ዘይት ሸትቶ ከተገኘ ቀኑ ገና ቢሆንም አይወሰድም። ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ጥላ ውስጥ ካለው ላይ አንሣ።

የቱርክ ዕቃ ላይ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ አለ። በላቲን ፊደል ቲ፣ ኢ፣ ቲ፣ ቲ ተብሎ በአራት ፊደል የተጻፈው «እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል» ማለት ነው፤ ኤስ፣ ኬ፣ ቲ የሚለው ግን የመጨረሻው ቀን ነው። በእንግሊዝኛውም «ቤስት ቢፎር» እና «ዩዝ ባይ» የሚለያዩት እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ስለ ጣዕምና ጥራት ይናገራል፤ ሁለተኛው ስለ ጤና። ዘጠኝ ቀን ያለፈው የዱቄት ወተት መርዝ ነው አልልም፤ ስቡ ቀስ እያለ ነው የሚሻግተው። የሕፃናት ፎርሙላ ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ድርድር የለም፤ ቪታሚኑ የተለካው እስከዚያ ቀን ነው፤ ሕፃኑ ደግሞ ሌላ ምግብ የለውም። ሻጩን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ መሸጥም ለሽያጭ ማቅረብም ከልክሏል።

ወደ መደርደሪያው ልመለስ፤ የሚቆጨው ያ ነው። ያ ወተት ቀደም ብሎ ታይቶ ነበር። ቅዳሜ የካቲት 7፣ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የሱቁ ዕቃ አንድ በአንድ ተቆጥሯል። ወተቱ ያን ቀን 45 ቀን ቀርቶት ነበር፤ «ገና ነው» ተብሎ ታለፈ። ቆጠራው ትክክል ነበር። ያልታሰበው ከሁለት ቀን በኋላ የ55 ቀን ጾም መግባቱ ነው። ዐቢይ ጾም ላይ ለልጆች ከሚገዛው በቀር የወተት መደርደሪያ እጅ አይነካውም። ዘንድሮ ረመዳን አብሮ ስለገባ ለኢፍጣር የወሰዱ ነበሩ፤ ግን እነሱም የወሰዱት ከፊት ያለውን ትንሽ ትንሹን ፓኮ ነው። ባለ 400 ግራሙ እዚያው ቆመ። ፋሲካ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ወደዚያ መደርደሪያ እጁን ዘረጋ።

ስለዚህ መቁጠር ያለብን ዕቃውን እስከምናይበት ቀን ሳይሆን እስከሚበላበት ቀን ነው። የካቲት 7 ላይ መጠየቅ የነበረበት «ዛሬ ደህና ነው ወይ?» ሳይሆን «ሚያዝያ 4 ደህና ይሆናል ወይ?» የሚለው ነበር። ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ መፍትሔ ነበረው፤ ቀኑ ሳያልፍ ቀደም ብሎ የተነገረው አከፋፋይ አንዳንዴ መልሶ ይወስዳል ወይም ይቀይራል፤ ካለፈ በኋላ ግን ኪሳራው የሱቁ ብቻ ነው። ገዢም ቢሆን እንዲሁ ያስላ። ሦስት ከረጢት በአንድ ቀን አያልቅም። አንዱ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ከሆነ ሦስተኛው የሚያልቀው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ ቀኑ የሚታየው ለዚያ ለመጨረሻው ማንኪያ ነው። በዚያ ላይ ቀኑ የሚያገለግለው ሳይከፈት ነው። የተከፈተ የዱቄት ወተት ክዳኑ ጠብቆ እርጥበት ሳይገባው በወር ውስጥ ማለቅ አለበት፤ የተከፈተ የካርቶን ወተት ፍሪጅ ውስጥም ቢሆን ከሦስት አራት ቀን አይለፍ።

የጾም ፍቺ ሳምንት ሌላው ተጎጂ እርሾ ነው። ጊዜው ያለፈበት ደረቅ እርሾ አያሳምምም፤ ግን ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሞተ ሙሉ የድፎ ዳቦ ሊጥ ሳይነሣ ያድራል፤ ሰውም ዱቄቱን ይወቅሳል። ከማቡካት በፊት በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በጥብጦ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። አረፋ ካልደፈቀ ሊጡን አታበላሹበት።

የታሸገ ጣሳ ላይ ከቀኑ በፊት ጣሳውን እዩ። ክዳኑ ያበጠ፣ ሲጫኑት ቲክ ብሎ የሚመለስ፣ መጋጠሚያው ላይ የተጨረመተ ወይም የዛገ ከሆነ ቀኑ ሁለት ዓመት ቢቀረውም አይነካም። ቀኑ ላይ ስቲከር ከተለጠፈ ጠርዙን በጥፍር ሞክሩት፤ ሥሩ ሌላ ቀን ካለ ተዉት። የታተመው ቀለም በአውራ ጣት ሲታሽ የሚለቅ ከሆነ ወይም ዙሪያው በአሴቶን እንደተጠረገ ፈዞ ከታየ ዕቃው የመጣበትን ካርቶን አሳዩኝ በሉ፤ የካርቶኑና የዕቃው ቀን አንድ መሆን አለበት። እርጎና አይብ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ስንት ሰዓት እንደቆየ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቀኑ የሚሠራው 4 ዲግሪ አካባቢ ለተቀመጠ ነው።

ያን ዕለት ባለ ሱቁ ልጁን ሰው ፊት አልተቆጣውም። አዲሱን ካርቶን አስከፈተና ሦስቱን ከረጢት ቀይሮ ለእናትየው ሰጠ። እሳቸው ግን አልሄዱም። አንዱን ከረጢት ለልጁ መልሰው ዘረጉለት።

«በል አሁን በእኛ ጻፍልኝ። ቤት ስደርስ ማንን እጠይቃለሁ?»

ልጁ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። አሥራ አንድ፣ አራት ሲጨመር አሥራ አምስት፣ አሥራ ሁለት ሲወጣለት ሦስት። ተማሪዋን ቀና ብሎ አያት፤ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከባንኮኒው ላይ ማርከር አንሥቶ በሦስቱም ከረጢት ላይ በትልቁ «እስከ ኅዳር 21 ቀን 2019» ብሎ ጻፈ።

ሰልፉ እየጠበቀ ነው። የሚቀጥለው ሰውዬ ያነሣውን የዘይት ጀሪካን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «ለእኔም ጻፍልኝ» አለው።