ለዩፒኤሱ ባትሪ ቀየርንለት

ዛሬ የሱቃችንን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየውን ዕቃ) ከፍተን ባትሪ ቀየርንለት። አዳማ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድርግም፣ ደንበኛው ያስተየበው ማመልከቻ ደህና ሰንብት። ዩፒኤሱ ጲጵ ጲጵ ከማለት በቀር ሥራ ካቆመ ቆይቷል።

"አዲስ ግዙ" ያላለን የለም። ኧረ ቦርዱ ጤነኛ ነው፤ ያለቀው ባትሪው ብቻ ነው። ከሶኬት ነቅለን ስንከፍተው ሁለቱ ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ጎናቸው አብጦ አንወጣም አሉ፣ ወንድሜ መያዣውን ሙሉ በሙሉ ፈታትቶ ነው በስንት መከራ ያወጣቸው፣ የአንደኛው ጫፍ ላይማ ነጭ ዱቄት ነገር ጋግሯል። እንዲህ ያለ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። በአዳማ ሙቀት፣ ያውም ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አየር አጥቶ፣ ያንንም መድረሱ ያጠራጥራል።

ልትገዙ ስትሄዱ የተመረተበትን ቀን እዩ። መደርደሪያ ላይ ቻርጅ ሳይደረግ ለረጅም ጊዜ የከረመ ባትሪ አዲስ አይባልም። ወንድሜ "አንዱን ብቻ እንቀይር" ብሎ ነበር፣ እምቢ አልኩ። ሁለቱ በተከታታይ ስለሚያያዙ የደከመው አዲሱንም ይዞት ይሞታል።

አሁን ጩኸቱ ቀርቷል። አሮጌዎቹ እርሳስና አሲድ ስላለባቸው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አልጣልኳቸውም፤ ቆራሌው ደግሞ የጠራልኝ ዋጋ ያስቃል፣ ገና አልተስማማንም።