«ይኼ የእኛ ገጽ አይደለም»

ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጠራ። የደወሉልኝ የዘጌ ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ናቸው።

«ደህና አደርክ ወንድሜ? ገጹን ቀይራችኋል እንዴ?»

«ኧረ አልቀየርንም እትዬ። ምን ሆነ?»

«እንግዲያው ይኼ የእኛ ገጽ አይደለም። ዓርማችን የለም። አማርኛውም የለም። ፓስወርዴን አላስገባሁም። ሌሎቹም እንዳያስገቡ በቴሌግራም ነግሬያቸዋለሁ።»

ደረቴ ላይ አንድ ነገር ዱብ አለ። እሑድ ማታ ሰርቨሩን የነካሁት እኔ ነኝ።

የምንሠራለት ድርጅት የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ቅርንጫፎቹ በጣና ዙሪያ ናቸው፤ ባሕር ዳር፣ ዘጌ፣ ሐሙሲት፣ ወረታ። ሠራተኞቹ ወደ ሥርዓቱ የሚገቡት በኪክሎክ በኩል ነው። ኪክሎክ ተጠቃሚው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሬድ ሃት የወጣ ሲሆን ዛሬ ብዙ ቦታ ይሠራል። አብሮት የሚመጣው መግቢያ ገጽ ግን ለእኛ ሰው የሚሆን አይደለም። በእንግሊዝኛ «ሳይን ኢን ቱ ዩር አካውንት» ይላል። ሰው ሲመዘገብ «ላስት ኔም» ብሎ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ያለን የአባት ስም ነው።

ስለዚህ የራሳችንን ገጽ ሠራን። የኪክሎክ መግቢያ ገጾች ፍሪማርከር በሚባል የገጽ መጻፊያ ቋንቋ የሚጻፉ ናቸው። ኪክሎኪፋይ የሚባለው መሣሪያ ግን ገጹን ብዙ ሰው በለመደው የድረ ገጽ መሥሪያ በሪአክት እንድትጽፍ ያደርግሃል፤ ከዚያ ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም የጻፍኸው ለሰርቨር ሲዘጋጅ፣ ሁሉንም በአንድ ጠቅልሎ ጃር የሚባል ፋይል ያወጣልሃል። ያንን ጃር ሰርቨሩ ላይ «ፕሮቫይደርስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፤ ሰርቨሩን ታስነሣለህ። በቃ። ፊደሉን እንኳ ከውጭ አገር ሰርቨር እንዳይጎትት ብለን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ከገጹ ጋር አብረን አሽገነዋል፤ ኔትወርክ ሲደክም ገጹ ባዶውን እንዳይቀር። ለዚያ ገጽ ብዙ ደክመንበታል። እወደዋለሁ።

እሑድ ማታ ምን አደረግሁ? ፕሮጀክቱን አጸዳሁ። ፓኬጅ ዶት ጄሰን በሚባለው ፋይል ውስጥ የፕሮጀክቱ ስም ገና ስንጀምር የሰጠነው የሙከራ ስም ነበር። ደስ አይልም ነበርና በማኅበሩ ስም ተካሁት። አንድ መስመር ናት። ቢልድ አደረግሁ፤ ያለ ምንም ስሕተት አለፈ። በኮምፒውተሬ ላይ አየሁት፤ ያምራል። አሮጌውን ጃር አጥፍቼ አዲሱን ሰርቨሩ ላይ ጫንሁ። ሥርዓቱን ከፈትሁ፤ ገባሁ። ተኛሁ።

ያ «ገባሁ» ያልሁት ነው የሸወደኝ። ብራውዘሬ ቀድሞ የገባሁበትን ይዞ ስለነበር መግቢያ ገጹን ሳያሳየኝ አሳለፈኝ። ወጥቼ ልግባ ወይም በሌላ ብራውዘር ልሞክር አላልሁም።

ባጃጅ ይዤ ቢሮ ስደርስ 3 ሰዓት ሊሆን ነው። አለቃዬ ስልክ ይዞ ቆሟል። ወረታ ላይ ቆጣቢዎች ተሰልፈዋል፤ ገንዘብ ያዡ አልገባም ብሏል። የዘጌዋ እትዬ መልእክት ሁሉም ቅርንጫፍ ደርሷል። አለቃዬ አልጮኸብኝም። «ምን ነካህ? ምን ቀየርህ?» አለኝ ብቻ። «ስም» አልሁት። ስም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል ብሎ አላመነም። እኔም አላመንሁም።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጃሩን ነው። ኪክሎኪፋይ አንድ ቢልድ ላይ ሁለት ጃር ያወጣል። አንዱ ከ22 እስከ 25 ላሉት የኪክሎክ ቨርዥኖች፣ ሌላው ለቀሩት ሁሉ። የእኛ ሰርቨር 26 ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ቀያየርኋቸው። ሰርቨሩን ሁለቴ በከንቱ አስነሣሁት። 20 ደቂቃ ባከነ፤ ሰልፉ ላይ የቆሙት ሰዎች 20 ደቂቃ ነው።

ከዚያ ነው ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን፣ ያነበብሁት። መጀመሪያ ማንበብ የነበረብኝ እሱን ነው። ኪክሎክ የሚፈልገውን ቴም፣ ማለትም የገጹን መልክ የያዘውን ጥቅል፣ በስሙ አጥቶ አብሮት ወደመጣው ገጽ መመለሱን ቁልጭ አድርጎ ጽፏል። የቴሙም ስም እዚያው አለ፤ የድሮው የሙከራ ስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቢልድ ኮንፊጉ፣ ማለትም ቢልዱ እንዴት እንደሚሠራ በምናዝበት ቦታ፣ «ቴም ኔም» (የቴሙ ስም) የሚባል አማራጭ አለ። ካልጻፍህለት ስሙን ከፓኬጅ ዶት ጄሰን ይወስዳል። እኛ አልጻፍንለትም ነበር፤ ሳንጽፍለትም ወራት ሠርቷል። ኪክሎክ ደግሞ በየትኛው ቴም እንደሚሠራ በዳታቤዙ ውስጥ በስም ነው የሚይዘው። እኔ ስሙን ስቀይር ጃሩ በአዲስ ስም ወጣ። ሰርቨሩ የድሮውን ስም እየተጣራ ነው፤ አቤት የሚለው የለም። በኮምፒውተሬ ላይ ለምን አልታየኝም? እዚያ ለሙከራ የሚነሣው ኪክሎክ ቴሙን ራሱ መርጦ ስለሚሰጥ ነው።

አስተዳደር ገጹ ላይ ገብቼ አዲሱን ስም መረጥሁ። የገንዘብ ያዦቹ ገጽ ወዲያው ተመለሰ። ተነፈስሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሐሙሲት ያሉ የመስክ ሰብሳቢዎች ደወሉ፤ በስልካቸው መተግበሪያ የሚያዩት አሁንም እንግሊዝኛውን ነው። ኪክሎክ ላይ ቴም ለሁሉም በጋራ ይመረጣል፤ ለአንድ መተግበሪያ ብቻ ለይቶም ይመረጣል። የሰብሳቢዎቹን ማን መቼ ለይቶ እንደመረጠው አላስታውስም። እኔው ሳልሆን አልቀርም።

አንድ በአንድ ማሳደድ አልፈለግሁም። «ቴም ኔም» ከአንድ በላይ ስም ይቀበላል። ሁለቱንም ስሞች በዝርዝር ጻፍሁለት፤ የድሮውንም አዲሱንም። አንዱ ጃር ሁለቱንም ይዞ ወጣ። ማን በየትኛው ቢጠራው መልስ አገኘ። 4 ሰዓት ከሩብ ላይ ሁሉም ገብቶ ይሠራ ነበር። የድሮውን ስም ያወጣሁት በኋላ ነው፤ የሚጠራው አንድም እንደሌለ አጣርቼ።

በዚያው ሳምንት ኮንፊጉን ከላይ እስከ ታች ጻፍነው። የማንፈልገውን ጃር «ፎልስ» (አይውጣ) ብለን አስቀረነው፤ የቀረውን ስም ሰጠነው። ተጠቃሚው የራሱን መረጃ የሚያይበትን የአካውንት ገጽ አንጠቀምበትምና በእንግሊዝኛው «ነን» (ምንም) አልነው። አሁን አንዲት ጃር ብቻ ናት የምትወጣው። ቢልዱን ካስገባን በኋላም በማናውቀው ብራውዘር፣ እንደ እንግዳ ሆነን፣ መግቢያ ገጹን እናያለን። በኮምፒውተርም በስልክም።

አንድ ነገር ግን የጨመርነው የዘጌዋ እትዬ ስለጠየቁ ነው። «ገጹን ስጠራጠር ለማን ልደውል?» አሉኝ። ስልክ ቁጥር ገጹ ላይ መኖር አለበት። ቁጥሩን ሪአክቱ ውስጥ ብንጽፈው በተቀየረ ቁጥር ቢልድ ማድረግ ሊኖርብን ነው። «ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ» የሚለው አማራጭ ይህን ይፈታል፤ ገጹ ቁጥሩን ሰርቨሩ ሲነሣ ከሰርቨሩ ይወስዳል። ቁጥሩ ሲቀየር ጃሩን አንነካውም።

ስለ እሳቸው ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ሥልጠና ስንሰጥ «ገጹ የማኅበሩ ካልመሰላችሁ ፓስወርድ አታስገቡ» ያልናቸው እኛ ነን። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ሰምቶ ይረሳዋል። እሳቸው ሰልፍ ፊታቸው ቆሞ፣ ሰው እያጉረመረመ፣ አላስገባም አሉ። ያን ቀን ገጹ የሌባ ቢሆን ኖሮ ማኅበሩን ያተረፉት እሳቸው ነበሩ።

ወር ቆይቶ የማኅበሩ ዓርማ ተቀየረ። ገጹን ከመቀየራችን በፊት ቅርንጫፎቹን ሁሉ በስልክ ነገርናቸው። ዘጌ ግን ራሴ ሄድሁ፤ ጠዋት በጀልባ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ከደንገል የተሠራች አንዲት ታንኳ ዳር ዳሩን ትቀዝፋለች። እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። አዲሱን ገጽ ከፈትሁላቸው። ዓርማውን አዩት። መነጽራቸውን አስተካክለው ከላይ ያለውን አድራሻ በጣታቸው እየተከተሉ ፊደል በፊደል አነበቡ። ገጹ ላይ ወዳለው ስልክ ቁጥር ደወሉ። ቢሮ ያለው ባልደረባዬ አነሣ። «ይኼ ልጅ የእናንተ ነው?» አሉት። ነው አላቸው። ከዚያ ፓስወርዳቸውን አስገቡ።