ከባልቲሞር ቤርሙዳ በክሩዝ፦ ከትኬቱ ዋጋ ኋላ ስለሚመጣው ሂሳብ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለን ሰዎች ክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ) ለመሳፈር ፍሎሪዳ ድረስ መብረር የግድ አይደለም። ባልቲሞር ወደብ አለልን። መኪና አቁሞ፣ ሻንጣ አስረክቦ መግባት ነው። እኛም ነሐሴ ላይ ከዚያው ተነስተን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው ቤርሙዳ ደርሰን መጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እናቴ። ከዚያ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። «ስንት ወጣባችሁ?» እና «ያ ቲፕ የሚሉት ነገር ግዴታ ነው እንዴ?» አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

መጀመሪያ ስለ መርከቡ። ከባልቲሞር የሚነሱት መርከቦች እነዚያ በማስታወቂያ የምታዩዋቸው ግዙፎቹ አይደሉም። ምክንያቱ ድልድይ ነው። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ያህል ነው። ትልልቆቹ በሥሩ አያልፉም። ስለዚህ ወደዚህ የሚመጡት መለስተኛና ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ናቸው። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚያውቀው ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ የተሠራው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ልጆቻችሁ ሰማይ ጠቀስ የውሃ ሸርተቴ ከፈለጉ ማያሚ ውሰዷቸው። እኔ ግን የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ማዳኔን ሳስብ የመርከቡ ዕድሜ ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ዋጋው። ማስታወቂያ ላይ ያለው ቁጥር ለአንድ ሰው ነው፤ ያውም ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ሲያድር። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። በአንድ ክፍል ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚገባ ሰው ደግሞ በጣም ይቀንስለታል። አምስት ስትሆኑ ነገሩ ይወሳሰባል፤ አብዛኛው ክፍል ከአራት ሰው በላይ አይይዝም። እኔ ትልቁን የቤተሰብ ክፍልና ሁለት መስኮት አልባ ክፍሎችን አወዳደርኩ። ሁለቱ ክፍሎች ረከሱ። እማዬና ትልቋ ልጄ አንዱን ያዙ፣ እኛ ከትንሹ ጋር ፊት ለፊታቸው ገባን። መታጠቢያ ቤትም ሁለት ሆነልን። ይሄ ከበረንዳ ይበልጣል።

ካሊፎርኒያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የተደበቀ ክፍያን የሚከለክል ሕግ ስላወጣች፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ ታክሱንና የወደብ ክፍያውን አብረው ያሳያሉ። ጥሩ ነው። ግን ቲፑ፣ ዋይፋዩ፣ መጠጡ፣ ፓርኪንጉና ወደብ ላይ የምትወጡት ሽርሽር አሁንም ውጪ ናቸው። እኔ ሁሉንም ስልኬ ላይ ጽፌ ደመርኩና ለሰውና ለሌሊት አካፈልኩት። መርከብ ከመርከብ ያወዳደርኩት በዚያ ቁጥር ነው። በማስታወቂያው ዋጋ ርካሽ የነበረው ሲደመር ውድ ሆኖ ተገኘ።

ሌላው የጠቀመኝ ነገር ቦታ ከያዝኩ በኋላም ዋጋውን መከታተሌ ነው። የመጨረሻው ክፍያ ብዙ ጊዜ ከጉዞው ከ75 እስከ 90 ቀን በፊት ነው። ከዚያ ቀን በፊት ዋጋ ከወረደ ደውላችሁ አስተካክሉልኝ ማለት ትችላላችሁ። ደወልኩ፣ ቀነሱልኝ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ብትለምኑም የሚሰማችሁ የለም። ነሐሴ የአውሎ ነፋስ ወቅት ውስጥ መሆኑንም አትርሱ። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ኩባንያው መንገድ ቢቀይር ወይም ወደብ ቢዘል ውሉ ይፈቅድለታል። ኢንሹራንስ የገዛሁት ለዚህና ለሕክምና ነው፤ መርከብ ላይ ሐኪም ዘንድ መሄድ ኪስ ያራቁታል።

ቲፑ ጋ እንምጣ። እኔ እዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራዬ ዲሲ ውስጥ አስተናጋጅነት ነበር። ስለ ቲፕ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ የታወቁት ኩባንያዎች በሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር አካባቢ በራሳቸው ሂሳባችሁ ላይ ይጨምራሉ። ሰፊውንና ውዱን ክፍል ለያዘ ከዚያ ከፍ ይላል። ልጆችም ይቆጠራሉ። 18 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብንል፣ አምስት ሰው ለአምስት ሌሊት 462 ዶላር ከ50 ነው። ቀልድ አይደለም። አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። እኔ ከመሄዴ በፊት ከፈልኩት፤ በመሀል ቢጨምሩ እንኳ አይነካኝም፣ ጉዞው ሲያልቅም አያስደነግጠኝም።

ማስነሳት ይቻላል ወይ? በብዙዎቹ ዘንድ ይቻላል። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ሄዶ መጠየቅ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አታስነሱት። መርከቦቹ አብዛኞቹ ባሃማስ ወይም ፓናማ የተመዘገቡ ናቸው። የአሜሪካ ዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ሠራተኞቹን አይመለከታቸውም። ውላቸው ለወራት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራሉ። ዓለም አቀፉ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት ዕረፍት ይስጣቸው ይላል። እንግዲህ የቀረውን አስቡት። ክፍላችንን የሚያጸዳው ኢንዶኔዥያዊ፣ ሴት ልጁን እስካሁን ያያት በስልክ ብቻ እንደሆነ ነገረን። ልጁን በቫይበር ያሳደገ ሰው በመካከላችን ስንት አለ? ደግሞ ያ ገንዘብ እሱ ጋ ብቻ አይቆምም። ምግብ የሚያቀርቡትም፣ ከሥር ሆነው ልብስ የሚያጥቡትና ሰሃን የሚያነሱትም በብዙ ኩባንያ ከዚያው ይካፈላሉ። እነሱን ተሳፋሪው አያያቸውም፤ በእጁ ሊሰጣቸውም አይችልም።

ከዚያ በላይ መስጠት በፈቃድ ነው። እኛ በመጨረሻው ማታ ለክፍል አጽጂው ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ሰጠነው፣ ልጆቹ ላዩ ላይ ምስጋና ጻፉበት። ለምግብ ቤት አስተናጋጆቻችንም እንዲሁ። ስለዚህ ዝርዝር ዶላር ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ መርከቡ ላይ ያለው ኤቲኤም ኮሚሽኑ ከባድ ነው። ወደቡ ላይ ሻንጣ የሚቀበሏችሁ ሰዎች ደግሞ የመርከቡ ሠራተኞች አይደሉም። ለነሱ በሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር መስጠት የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። መጠጥ ስታዙ ደረሰኙ ላይ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቀድሞ ተጨምሯል። ከሥሩ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር አለ። እንደ ሬስቶራንት መስሏቸው እዚያ ላይ ሌላ 20 በመቶ የሚጽፉ ሰዎች አይቻለሁ። ባዶውን ብትተዉት ነውር የለውም። ስፓውና ለብቻው የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶችም እንደዚያው ናቸው። እንግሊዝ ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይለያል፤ ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ በቀን የሚጨመረውን ቲፕ ከ2019 ጀምሮ አስቀርቶታል።

የመጠጥ ፓኬጅ እኛ አልገዛንም። በቀን 80 ዶላር ቢሆን ከ18 በመቶው ጋር 94 ዶላር ከ40 ይሆናል። አንድ ኮክቴል 14 ዶላር ከሆነና እሱም ላይ 18 በመቶው ሲጨመር፣ ገንዘባችሁን ለማውጣት በየቀኑ ወደ ስድስት መጠጣት አለባችሁ፣ ወደብ የምትውሉበትን ቀን ጨምሮ። ያውም በብዙ ኩባንያ በአንድ ክፍል ያሉ አዋቂዎች ሁሉ እንዲገዙ ይገደዳሉ። ባለቤቴ ከናካቴው አትጠጣም። ብዙዎቹ ለአንድ አዋቂ አንድ ጠርሙስ ወይን በመሳፈሪያው ቀን ማስገባት ይፈቅዳሉ፤ ለኔ እሱ በቂ ነው።

ነሐሴ ስል ፍልሰታ መሆኑ ገብቷችኋል። እማዬ ትጾማለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ብዙ ሰው «ጾም ላይ ክሩዝ ምን ትበሉ ነበር?» ብሎ ይስቃል። በምግብ የተቸገርን ግን የለንም። ከመሄዳችን በፊት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይነካ ሰው እንዳለን ለኩባንያው አስመዘገብኩ። እራት ላይ ሁለት ፈረቃ አለ፤ እኛ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሚጀምረውን መረጥን። በመጀመሪያው ማታ የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ጠራሁት። ሕንዳዊ ነው። የእማዬን ጾም ስነግረው ወዲያው ገባው። ከዚያ በኋላ ሜኑው ላይ የሌለ ነገር እየተሠራ ይመጣላት ጀመር። ምስር፣ ሽምብራ፣ ድንች በአበባ ጎመን፣ ሩዝ። እማዬ ምስሩን ቀመሰችና «ይሄማ የኛው ነው፣ በርበሬው ነው የቀረበት» አለች። እሱ በማግስቱ ቃሪያ በሰሃን ቆራርጦ አመጣላት። «ማማ» እያለ ነው የሚጠራት። እሷም «ተባረክ ልጄ» ትለዋለች፣ በአማርኛ። ተግባቡ። ዘዴው የነገውን ዛሬ ማታ ማዘዝ ነው፤ ወጥ ቤቱ ድንገተኛ ትእዛዝ አይወድም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ከቡፌው ፍራፍሬና ዳቦ እናነሳላታለን።

ቡናው ነበር ችግሩ። ቡፌው ላይ ያለው ነፃ ቡና ቀጭን ነው፣ ኤስፕሬሶው ደግሞ በክፍያ ነው። ምድጃና ማንኛውም የሚያሞቅ ዕቃ ክልክል ነው፤ ሻማና ዕጣንም እንዲሁ። ሲፈትሹ ይወስዱታል። ስለዚህ ጀበናዋን ቤት አስቀርተናት ነው የሄድነው። ቤት የተሠራ ምግብም አያስገቡም። እሽግ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ያለ ጥያቄ አለፈ።

ወረቀት ላይ እንዳትሳነፉ። የአሜሪካ ዜጋ ከአንድ ወደብ ተነስቶ እዚያው ለሚመለስ ጉዞ የልደት ሰርተፍኬትና መታወቂያ ይበቃዋል። እኔ ግን ለሁላችንም ፓስፖርት ነው የያዝኩት። አንዱ ታሞ በአውሮፕላን መመለስ ቢያስፈልግ ያለ ፓስፖርት ጣጣ ነው። እማዬ ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት ናት፤ ሁለቱንም ያዘች። መርከቡ የሚያርፍበትን የእያንዳንዱን አገር ደንብ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት አጣሩ።

የመጀመሪያው ሌሊት የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ስለምትጓዙ እንቅስቃሴው አይሰማችሁም። ውቅያኖሱ ላይ ስትወጡ ነው ነገር የሚመጣው። የታችኛው ፎቅ መሀል ላይ ያለ ክፍል ብዙ አይናጥም፤ ርካሽም እሱ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያችሁን እንድታዩ ትጠራላችሁ። ሂዱ። ኮስታ ኮንኮርዲያ በ2012 ጣሊያን አጠገብ ተገልብጦ 32 ሰው ሲሞት፣ ገና የተሳፈሩት ብዙዎቹ ያንን ልምምድ አላደረጉም ነበር።

ቤርሙዳ መርከቡ ሮያል ኔቫል ዶክያርድ ላይ ይቆማል። ኩባንያው የሚሸጠውን ሽርሽር አልገዛንም። የቀን ፓስ ገዝተን በአውቶቡስና በጀልባ ዞርን። ሆርስሹ ቤይ የሚባለው ባሕር ዳርቻ አሸዋው እውነትም ሮዝ ነው፤ ቀለሙ ቅርፊታቸው ቀይ ከሆነ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የመጣ ነው። ዶላር ይቀበላሉ፣ አንድ ለአንድ። መልስ ግን የቤርሙዳ ዶላር ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እዚያው ጨርሱት፤ ሜሪላንድ ማንም አይቀበላችሁም። ብቻችሁን ስትወጡ ሰዓት ጠብቁ። የኩባንያውን ሽርሽር የገዙትን መርከቡ ይጠብቃቸዋል፣ እናንተን አይጠብቅም። ቤርሙዳ ከባልቲሞር በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ስልካችሁ ራሱን ሲቀይር መርከቡ በአሮጌው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። የመርከቡን ሰዓት የምታዩበት የእጅ ሰዓት እሰሩ።

ባሕር ላይ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። መርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው፤ ሳታውቁት ከያዛችሁ ሂሳቡ ራስ ያዞራል። ለክፍያ ክሬዲት ካርድ አስመዝግቡ። ዴቢት ከሰጣችሁ በየቀኑ ገንዘብ ስለሚይዙ፣ ጉዞው ካለቀም በኋላ ለቀናት ሳይለቁላችሁ የቤት ኪራይ ሊያስተጓጉል ይችላል።

የልጆች ክበቡ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ላሉት እስከ ምሽት በነፃ ነው። ከዋጋው ያተረፍኩት ምን እንደሆነ ብትጠይቁኝ እሱን እላለሁ። የሥዕል ጨረታው፣ የስፓ ምክሩና የፎቶ ሱቁ ግን ሰተት አድርገው ያስገቧችኋል፤ ማየት በነፃ ነው፣ መውጣት ነው የሚከብደው።

በየማታው ሂሳቡን በአፑ አይ ነበር። ስህተት ካለ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቶሎ ይፈታል፤ ቤት ገብታችሁ በስልክ መከራከር ሌላ ታሪክ ነው። የልጆች የክፍል ካርድም በጌም ቤቱ ማሽን ላይ ገንዘብ ይቆርጣል። በመጀመሪያው ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ሄጄ የሁለቱንም ካርድ ክፍያ አዘጋሁት። ክፍል መክፈቱ አይቀርም። ትንሹ ልጄ ማሽኑ ተበላሽቷል ብሎ እስካሁን ያምናል።