የካሜራ ፍላሽ ከመግዛታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ

ጥር እየቀረበ ሲመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው፣ «የትኛው ፍላሽ ይሻላል?»። ጥምቀት አለ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ነው፣ እና ጠያቂው የሚፈልገው አንድ የብራንድ ስም ብቻ ነው፣ እሱን ነግሬው ሄዶ ሊገዛ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው «የምታነሱበት ቤት ኮርኒሱ ምንድነው?» ብዬ ስለሆነ አንዳንዱ የቀለድኩበት ይመስለዋል። ኧረ አልቀለድኩም። ጎንደር ላይ ሠርግ ለሚያነሳ ሰው ከፍላሹ ስም ይልቅ ፎቶውን የሚወስነው ብርሃኑ ምን ላይ አርፎ ነው የሚመለሰው የሚለው ነው።

ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክታችሁ ፊት ለፊት ስትተኩሱ ብርሃኑ የሚወጣው ከአንዲት ትንሽ መስኮት ነው፣ እሷም ከሌንሱ በላይ ትንሽ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ፊት ላይ ቅርጽ የሚሰጠው ጥላ በሙሉ ይጠፋል፣ ግንባርና አፍንጫ ያብረቀርቃል፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ጥላ ይለጠፋል፣ በቃ ሙሽራው የመታወቂያ ፎቶ የተነሳ ይመስላል። ያንኑ ፍላሽ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አዙራችሁ ነጭ ኮርኒስ ላይ ብትመቱት ግን ብርሃኑ ከሰፊ ቦታ ተበትኖ ነው የሚወርደው፣ ጥላውም ይለሳለሳል። ባውንስ የሚባለው ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው፣ የብርሃኑ ምንጭ ሲሰፋ ጥላው ይለሰልሳል፣ ሲጠብ ይደርቃል።

እና ኮርኒሱ። ጂብሰም ከሆነ ወይም ነጭ የተቀባ ችፑድ ከሆነ ምን ትፈልጋላችሁ፣ ዝም ብላችሁ ወደ ላይ ተኩሱ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ካዘነበላችሁት ደሞ የበለጠ ያምራል ምክንያቱም በቀጥታ ከላይ ከወረደ ዓይን ስር ጥላ ይጥላል። የድሮ ቤት አቡጀዴ ኮርኒስም አዲስ ከተቀባ ቆንጆ ነው፣ ጭስ ያጠቆረው ከሆነ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል፣ የሚመልሰውንም ቢጫ አድርጎ ነው። አስቸጋሪው ዳሱ ነው። አጣና ቆሞ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ዳስ ውስጥ ወደ ላይ ብትተኩሱ ሸራው የሚመልሰው ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ቬሎው ሰማያዊ፣ ሐበሻ ቀሚሱ ሰማያዊ፣ የሙሽሪት እናት ፊት የታመመ ሰው ፊት ይሆናል፣ በዛ ላይ የዳሱ አምፖሎች ቢጫ ናቸው። ሁለቱ አንድ ፊት ላይ ሲቀላቀሉ ኤዲቲንግ ላይ ቢጫውን ስትቀንሱ ሰማያዊው ይብሳል፣ ሰማያዊውን ስትቀንሱ ቢጫው። በሮው (ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ብታነሱ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይስተካከልም።

ስለዚህ ዳስ ውስጥ ሸራውን እርሱት። አንደኛው መንገድ ነጭ ካርቶን ከፍላሹ ጀርባ በላስቲክ አስሮ ብርሃኑን ወደፊት መመለስ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ለቅርብ ሰው ብቻ ነው ግን። ሁለተኛው ነጭ ነገር መፈለግ ነው፣ ዳሱን በውስጥ በኩል ነጭ ጨርቅ ካለበሱት ጎኑ ላይ ተኩሱ፣ ከጎን የሚመጣ ብርሃን ለፊት ከላይ ከሚመጣው ይሻላል እንዲያውም። ሦስተኛው ደሞ እኔ የምወደው፣ ነጠላ። ፍላሹን ከካሜራው አውርዳችሁ አንድ ሰው ነጠላ ዘርግቶ ይይዛል፣ ፍላሹን ከነጠላው ጀርባ አድርጋችሁ በጨርቁ ውስጥ ትተኩሳላችሁ፣ ነጠላው ራሱ ሰፊ የብርሃን ምንጭ ይሆናል። ጨርቁ ከፍላሹ ፊት አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፣ ከተጣበቀ ብርሃኑ ሳይሰፋ ስለሚያልፍ ትርጉም የለውም፣ በዛ ላይ ደጋግሞ የተተኮሰ ፍላሽ ይግላል። አንድ መልስ ላይ ከሙሽራው አክስት ነጠላ ልዋስ ስል «ውይ ልጄ፣ ምን ልታደርገው ነው?» አሉኝ። «መብራቱን ላለሳልስበት ነው እማማ፣ አሁኑኑ እመልሳለሁ» ስላቸው «እንግዲያው እኔንም አንሳኛ!» ብለው ነጠላውን ይዘው ከፊቴ ቆሙ። ያዡም ተነሺውም እሳቸው ሊሆኑ ነው።

አሁን ወደ መግዛቱ። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል። መጀመሪያ የምትወስኑት ቲቲኤል ወይስ ማኑዋል የሚለውን ነው። ቲቲኤል ማለት ዋናው ብልጭታ ከመተኮሱ በፊት ፍላሹ ትንሽ የሙከራ ብልጭታ ይሰዳል፣ ካሜራው የተመለሰውን ለክቶ ስንት ኃይል እንደሚያስፈልግ ይወስናል። ጥሩ ነው፣ ግን ካሜራው የሚያስበው ከፊቱ ያለው ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው። የኛ መልስ ላይ ደግሞ ከአማት እስከ ሚዜ ሁሉም ነጭ በነጭ ነው፣ ካሜራው ያንን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፣ ጥጡ ግራጫ ይሆናል፣ ፊቱ ይጠቁራል። እንደዛ ሲሆን የፍላሹን ኮምፐንሴሽን (ካሜራው በመረጠው ኃይል ላይ መጨመሪያና መቀነሻውን) ከሲደመር 0.7 እስከ ሲደመር 1 ጨምሩ። ማታ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሙሽራ ጨለማ ዳስ ውስጥ ብቻውን ሲቆም ተቃራኒው ነው፣ ፊቱ ይነጫል፣ እዛ ቀንሱ።

ማኑዋል ላይ ኃይሉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ ከሙሉ እስከ 1/128። እሱም ልብሱ ነጭ ይሁን ጥቁር አይቀያየርም፣ የሚቀይረው ርቀት ነው፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። 2 ሜትር ላይ 1/16 ከበቃችሁ 4 ሜትር ላይ 1/4 ትፈልጋላችሁ ማለት ነው። ለመማር ማኑዋሉ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ቲቲኤል ሲያበላሽ ለምን እንዳበላሸ አይነግርህም። ጎዶክስ ቲቲ600 እና ዮንግኑዎ ዋይኤን560 እዚህ ብዙ ሰው እጅ ላይ ያሉት ለዛ ነው፣ ርካሽ ናቸው፣ ማኑዋል ብቻ ናቸው፣ የሬድዮ መቀበያ ውስጣቸው ያለ ስለሆነ (ዋይኤን560 ከሆነ 3ኛውና 4ኛው) ትሪገር (ካሜራው ላይ ተሰክቶ ፍላሹን በሬድዮ የሚያስተኩስ) ብቻ ትጨምራላችሁ። ቀኑን ሙሉ ከሙሽራ ኋላ እየሮጠ የሚያነሳ ሰው ግን ርቀቱ በየደቂቃው ስለሚቀያየርበት ቲቲኤል ይግዛ፣ አልከራከርም።

ይሄን ደሞ በደንብ አንብቡልኝ። ካኖን 2000ዲ፣ 4000ዲ እና 250ዲ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ መሀል ላይ የምትገኘዋ ነጥብ የለችም፣ ካኖን ራሱ አውጥቷታል። ማኑዋል ፍላሾች የሚተኮሱት በዛች ነጥብ ነው፣ ስለዚህ ተሰክተው ዝም ይላሉ። ፍላሹ ተበላሸ ብሎ ከሻጭ ጋር የሚጨቃጨቅ ሰው አይቻለሁ፣ ፍላሹ ምንም አልሆነም። እነዚህን ካሜራዎች የያዛችሁ ለካኖን የተሠራ ቲቲኤል ፍላሽ ወይም ትሪገር ፈልጉ፣ እሱንም የራሳችሁ ካሜራ ላይ ሰክታችሁ ሳትተኩሱ ብር አትክፈሉ።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ጋይድ ነምበር ደግሞ አያታልላችሁ። 60 ሲል አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ንቃት) 100 ላይ ርቀት በሜትር ሲባዛ በአፐርቸር (በሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር) 60 ይመጣል ማለቱ ነው፣ 5.6 ላይ ወደ 10 ሜትር ተኩል። ግን ያ የተለካው የፍላሹ ጭንቅላት እስከ 200 ሚሊሜትር ዙም ተደርጎ ብርሃኑ ጠብቦ ነው፣ 35 ላይ ያው ፍላሽ ከ40 በታች ነው የሚሆነው፣ ኮርኒስ ላይ ስትመቱት ደግሞ ቢያንስ የሁለት ስቶፕ ያህል ይጠፋል (በእያንዳንዱ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል)። ስለዚህ ባውንስ ስታደርጉ አይኤስኦን 800 ወይም 1600 ማድረግ አትፍሩ፣ ፍላሹም ያርፋል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ የባትሪ ቤቱን ክፈቱት፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለ ድንጋይ ፈሶበታል፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ቱቦ ጫፏ ከጠቆረ ብዙ ሠርታለች፣ ከዛ በሙሉ ኃይል ተኩሳችሁ ለመሙላት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ቁጠሩ። ከአያት የተወረሰ የፊልም ዘመን ፍላሽ ዲጂታል ካሜራ ላይ አትስኩ፣ አንዳንዶቹ ከ200 ቮልት በላይ ወደ ካሜራው ይልካሉ። ለጉጉት ብላችሁም እንዳትፈቱት፣ ውስጡ ያለው ካፓሲተር ወደ 300 ቮልት ይይዛል፣ ከጠፋ በኋላም።

ድንጋይ ላይ አትሰስቱ። ሱቅ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ ትንሽ እንደተኮሰ ለመሙላት ያዘግማል፣ ሙሽሪት ኬኩን አጉርሳ ጨርሳ ቀዩ መብራት ገና አልበራም። የሚሞላ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዙ፣ 1.2 ቮልት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ኃይሉን በፍጥነት ስለሚሰጥ ፍላሽ ላይ ይበልጣል። ሁለት ሙሉ ስብስብ ይኑራችሁ፣ አትቀላቅሏቸው፣ መብራት በጠፋ ቀን እንዳትያዙ ከዋዜማው ሙሏቸው።

ፋሲል ግቢ እኩለ ቀን ላይ ሙሽሮች ሲመጡ ብዙው ሰው ፍላሽ ለጨለማ ነው ብሎ ቦርሳው ውስጥ ይተወዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐዩ ከአናት ሲወርድ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። አይኤስኦ 100፣ ሹተር (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) 1/200 ሰከንድ፣ አፐርቸር 11፣ ፍላሹ ፊት ለፊት ከመደበኛው አንድ ስቶፕ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዓይን ይበራል፣ ሰውም ፍላሽ መኖሩን አያውቅም። ሹተሩን ከ1/200 ወይም ከ1/250 በላይ ካሳለፋችሁ ፎቶው ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል፣ ሴንሰሩን የሚሸፍነው የሹተሩ መጋረጃ ነው፣ ሃይ ስፒድ ሲንክ ያለው ፍላሽ ያንን ያልፋል ግን ኃይሉ በጣም ይቀንሳል። ጥምቀት ላይም እንዲሁ፣ ቀይ ከፋይ ጥላ ስር የቆመ ዲያቆን ፊቱ ቀይ ነው የሚወጣው፣ ትንሽ ፍላሽ ትክክለኛ የፊቱን ቀለም ይመልሳል፣ ጥላው ላይ ያለውን የወርቅ ክርም ያበራዋል።

ማታ ከተማውን ቁልቁል ወደሚያሳየው ወደ ጎሃ ኮረብታ ስትወጡ ፍላሹን ከካሜራው አውርዱት። መጀመሪያ ያለ ፍላሽ ሰማዩን አስተካክሉ፣ ከተማውና ሰማዩ ትንሽ ጠቆር ብለው ይውጡ፣ ከዛ ሚዜው ፍላሹን ይዞ ከሙሽሮቹ ጎን ሜትር ተኩል ርቆ ከዓይናቸው ከፍ አድርጎ ይቁም። ዣንጥላና ስታንድ ካላችሁ ጥሩ፣ ግን እዛ ላይ ያለው ነፋስ ስታንድ አይምርም፣ ሚዜ ይሻላል፣ አይወድቅም። ፍላሹ ፊት ላይ ብርቱካናማ ጄል (ብርሃኑን የሚያቀልም ስስ ላስቲክ) ለጥፉ፣ የፍላሽ ብርሃን ነጣ ያለ ስለሆነ ከጀንበሩ ጋር አይሄድም።

እስክስታ ላይ ደግሞ ፍላሽ ሌላ ጥቅም አለው። ኃይሉ ዝቅ ባለ ቁጥር ብልጭታው ራሱ ያጥራል፣ በሙሉ ኃይል ወደ 1/300 ሰከንድ፣ 1/32 ላይ ግን ከ1/5000 በታች ይወርዳል፣ ትከሻ ምንም ያህል ቢንቀጠቀጥ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያለው ትከሻ ግን ሙት ይሆንብኛል፣ ስለዚህ ሹተሩን ወደ 1/15 አውርጄ ፍላሹን ሪር ከርተን (ሹተሩ ሊዘጋ ሲል የሚተኮስበት) ላይ አደርገዋለሁ፣ የነጠላው ጥለት መስመር ይሰራል፣ መጨረሻ ላይ ብልጭታው ፊቱን ይይዘዋል። ከአምስቱ አራቱ ይበላሻል፣ አንዱ ይበቃል።

የማይተኮስበትም ቦታ አለ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ ክልክል ነው፣ ለሥዕሉ ሲባል ነው፣ አባን አትከራከሩ። ኮርኒሱን እዩ ያልኩት እዛ በደንብ ይሠራል፣ የመላእክቱን ፊት ቀና ብላችሁ እዩ፣ ፍላሹን ግን አጥፉና አይኤስኦ 3200፣ አፐርቸር 2 ወይም 2.8፣ ክርናችሁን ደረታችሁ ላይ አጥብቃችሁ 1/60 ሞክሩ። ፋሲል መዋኛ ላይ ወጣቱ ዘሎ ሲገባም ከማዶ ሆናችሁ ፍላሽ አይደርስላችሁም፣ በቀን ብርሃን 1/1000 ሹተር ይበቃል። የከተራ ማታ በስልክ ብልጭታ ሕንፃውን ለማብራት የምትሞክሩት፣ ያቺ መብራት ከሁለት ሦስት ሜትር አታልፍም፣ የምታበራው የፊት ለፊቱን ሰው ማጅራት ነው።

ከቪዲዮ ባለሙያው ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። እናንተ ስትተኩሱ የሱ ካሜራ ፍሬሙን መስመር በመስመር ስለሚያነብ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጨለማ የሆነ ምስል ይገባበታል፣ ቀለበት ሲያጠልቁ እንደዛ ከሆነበት ደግሞ ቆርጦ አያወጣውም። እኔ ቀለበትና ኬክ ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ ነው የምተኩሰው እለዋለሁ፣ ሌላውን በሱ ላይት አነሳለሁ፣ ካለፍኩ ጠላው በኔ ነው።