ከማንኪያው ጋር የተመላለሰው ምራቅ

ባሕር ዳር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የተኙ፣ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው የከዳቸው አባት በ5ኛው ቀን ቁርስ ሲበሉ ትን አላቸው። ቀጭን ነገር እንደማይስማማቸው ታውቆ ነበር፤ ውኃ በሻይ ማንኪያ ሲሞከርላቸው ሦስተኛው ላይ ድምፃቸው እርጥብ ሆኖ ጉሮሯቸው ይንቦጫቦጭ ጀመር። ስለዚህ ወፈር ያለ አጥሚት ታዘዘላቸው።

ውፍረቱ በዓይን ግምት አልታለፈም። የባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ መግፊያ ይወጣል፣ ጫፉ በጣት ይደፈናል፣ እስከ 10 ይሞላል፤ ጣት ተነሥቶ 10 ሰከንድ ከፈሰሰ በኋላ መልሶ ይደፈናል። ለእሳቸው የተፈለገው ሲሪንጁ ውስጥ ከ4 እስከ 8 ሚሊ የሚቀርበት ውፍረት ነው። ሲሪንጅ ሁሉ ግን አይሆንም፤ ከዜሮ እስከ 10 ያለው ርዝመት 61.5 ሚሊሜትር ካልሆነ ልኬቱ ያሳስታል። በወንፊት ያልተጠለለ አጥሚትም ጓጓላው ጫፉን ወትፎ ቀጭኑን ወፍራም ያስመስለዋል። የዚያን ጠዋቱ ተጠልሎ ሲለካ 6 ሚሊ ቀርቷል።

ኩባያው ሊያልቅ ሲል ሳል መጣ። ነርሷ ማብላቱን አስቁማ፣ ቀና አድርጋ አስቀምጣ አሳለቻቸውና ወደ ልጃቸው ዞረች።

«ውኃ ጨምረሽበት ነው፣ እህቴ?»

«ኪዳነ ምሕረትን፣ ሲስተር! ጠብታ አላስነካሁትም።»

እውነቷን ነው። ከኩባያው የተረፈው ሲለካ 2 ሚሊ ብቻ ቀረ፤ ከፔርሙሱ የተቀዳው ግን አሁንም 6። አጥሚት ሲቀዘቅዝ እንዲያውም ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም። ያቀጠነው ምራቅ ነው፤ ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም የበሰለውን የእህል ስታርች ይሰባብረዋል፣ ለብ ባለ ነገር ውስጥ ደግሞ ይበረታል። ማንኪያው ከአፍ ወደ ኩባያ ሲመላለስ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ ልጅቱም እንዳያቃጥላቸው በዚያው ማንኪያ ትቀምስ ነበር። ዣንታን በሚባል ሙጫ የሚሠራ የፋብሪካ ማወፈሪያ ቢሆን ምራቅ ይህን አያደርገውም፤ ግን አስታማሚ ከቤት ይዞ የሚመጣው አጥሚት ነው።

ከዚያ ወዲህ ከፔርሙሱ የሚቀዳው በአንድ ጊዜ 50 ሚሊ ገደማ ሆነ። መቅጃው አፍ አይነካም፣ መብያው ፔርሙስ ውስጥ አይገባም፣ የተረፈው ይደፋል። አባትየው ትንሽ ሳንባቸው ገብቶ እንደሆነ በሚል ለ2 ቀን በየ4 ሰዓቱ ትኩሳታቸው ተለካ፣ ትንፋሻቸው ተቆጠረ፤ ደህና ሆኑ። ልጅቱ አሁን የአጥሚቱን ሙቀት የምታየው እጇ ላይ ጠብ አድርጋ ነው።