እንጆሪ የሸተተው ኮፈን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጋራዥ እሠራ ነበር። ሥራዬ መኪና ማሳመር ነው። ባትላሜራው አቃንቶ፣ ቀቢው ቀብቶ ሲጨርስ እኔ እረከባለሁ። አጥባለሁ፣ ፖሊሽ አደርጋለሁ፣ ክሩስኮት እወለውላለሁ፣ ጎማ አጠቁራለሁ። ደንበኛው ቁልፉን ሲቀበል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው እኔ የነካሁት ላይ ነው። ባትላሜራው ሦስት ቀን የደከመበትን ስፖርቴሎ ማንም ልብ አይለውም። ጎማው ካብረቀረቀ ግን «አቤት! አዲስ አስመሰላችኋት እኮ!» ይባላል። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጉራም ነበረብኝ።

ጋራዡ ፎርኖ፣ ማለትም ቀለም የሚረጭበትና በሙቀት የሚደርቅበት ዝግ ክፍል፣ አልነበረውም። ቀለም የሚረጨው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በላስቲክ በተጋረደ አንድ ጥግ ነው። የእኔ ቦታ ከላስቲኩ ወዲህ፣ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ባልዲዬ፣ ጨርቆቼ፣ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት ጣሳዎቼ ሁሉ እዚያው ናቸው።

ወሩ ጥር ነበር፤ ሠርግና አቧራ የሚበዛበት። አንድ አባት ጥቁር ሰማያዊ ቪትዝ ይዘው መጡ። ኮፈኑና የግራ ፓራፋንጎው (የፊት ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ቆርቆሮ) ተመትቷል። «ልጄን ልድር ነው፤ አጃቢ መኪና ናትና አታሳፍሩኝ» አሉ።

ፎርማናችን ራሱ ቀቢ ነው። ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን፤ አንቱታ ግን አይወድም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቪትዟን ላስቲኩ ውስጥ አስገብቶ ቀለሙን ጨረሰና ክሊር፣ ያን ከቀለሙ በላይ የሚለብሰውን ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን፣ መርጨት ጀመረ። እኔ ደግሞ ወዲህ ሌላ ኮሮላ ላይ ነኝ። ባለቤቱ 11 ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ቸኩያለሁ። ስፖርቴሎዎቹን ከፋፍቼ ክሩስኮቱን እንጆሪ በሚሸተው ስፕሬይ ጨሰስ አደረግሁት። ከዚያ አራቱን ጎማ በጎማ ማጥቆሪያው ዞርኩባቸው። ስፕሬዩን አላሰሰትኩም። ነፋስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ከላስቲኩ ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። «አጥፋው! ኮምፕረሰሩን አጥፋው!»

ሮጬ ገባሁ። ኮፈኑ ላይ ምስር የሚያካክሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ፈሰው ነበር። መሐላቸው ላይ ከሥር ያለው ሰማያዊ ይታያል። ክሊሩ ከመሐል ሸሽቶ ዳር ዳሩ ላይ ተቆልሏል። ወጥ በነካው ሰሃን ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንዴት እንደሚሸሽ አይታችሁ ታውቁ የለ? ልክ እንደዚያ። ቀቢዎች የዓሣ ዓይን ይሉታል። ኮፈኑ ቃል በቃል ዓይን አውጥቶ እኛን ያያል።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ለመርጫው አየር የሚሰጠው ኮምፕረሰር ነው። ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ካልወጣለት ወይም ዘይት ከተፋ ከአየሩ ጋር ቀለሙ ውስጥ ይገባል። ኮምፕረሰሩን የሚጠብቀው ደግሞ ረዳቱ ልጅ ነው።

«ውሃውን አላወጣህም!»

«ጋሼ ሙት፣ ጠዋት አውጥቻለሁ።»

«ዝም በል!»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ፤ ጣሳው በእጄ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ከክሊሩ ሽታ ጋር እንጆሪ ይሸታል። ሸትቶኛል። አፍንጫዬ የነገረኝን ጭንቅላቴ ግን ለማመን አልቸኮለም። ወይም አልፈለገም።

ጋሼ የኮምፕረሰሩን የታች ቡሎን ፈታው። ደረቅ አየር ብቻ ፉጨት እያሰማ ወጣ። ነጭ ጨርቅ ከቱቦው አፍ ላይ ደቅኖ አየ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ወደ መኪናዋ ተመልሶ ጎንበስ ብሎ ማየት ጀመረ። ጉድጓዶቹ በግራ በኩል፣ ፓራፋንጎው ላይ ተጨናንቀዋል። ወደ ቀኝ እየተሄደ ሲመጣ ይሳሳሉ። ቀና አለና በግራ በኩል ያለውን ላስቲክ አየ። ቀጥሎ ላስቲኩን ገልጦ የኮሮላውን ጎማ አየ። ቀጥሎ እኔን።

አልተቆጣም። ያ ነው የባሰው። ጣሳውን ከእጄ ወሰደና የተጣለ አሮጌ ስፖርቴሎ ጎተተ። ግማሹን በካርቶን ከለለ። ክፍቱ ግማሽ ላይ አንድ እርምጃ ርቆ በአየር ላይ አንዴ ፊስ አደረገ። በደረቅ ጨርቅ ጠረገው፣ ደግሞ ጠረገው። ሁለቱ ግማሾች ምንም አይለያዩም። ከዚያ በመርጫው የቀረችውን ክሊር ረጨበት። አንዱ ወገን መስታወት ሆነ፤ ሌላው ወገን ዓይኑን አፈጠጠ።

«አየህ ልጄ፣ ጠርገነው ነበር እኮ።»

ነገሩ ሲሊኮን የሚባል አንሸራታች ቅባት ነው። ክሩስኮት የሚያበራው፣ ጎማ የሚያጠቁረው አብዛኛው ስፕሬይ ሲሊኮን አለበት። ቀለም እንዲለጠፍና እንዲዘረጋ የሚቀበለው ገጽ ይፈልጋል። ሲሊኮን አይቀበለውም። የነካውን ቦታ እርጥቡ ክሊር ይሸሸዋል፤ በዙሪያው ያለው ክሊርም ወደ ራሱ ይስበዋል። መጠኑ በዓይን የማይታይ ቢሆንም ይበቃል። በአየር ይሄዳል፣ ልብስ ላይ ይቀመጣል፣ እጅ ላይ ይቆያል። ጣሳው ላይ ስለ ጎረቤት ቀቢ የተጻፈ ነገር የለም፤ የተሳለው የሚያብረቀርቅ ጎማ ነው። እዚህ ላይ እኔ ፋብሪካዎቹን ትንሽ እቀየማለሁ።

በማግስቱ ክሊሩ ደረቅ ሲል ቶሎ ጥፋቴን ለማካካስ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ደረስኩ። ጋሼ እጄን ያዘኝ። ቅደም ተከተሉ ይህ አይደለም። ሳይታጠብ ከተፋቀ ሲሊኮኑ በጭረቱ ውስጥ ይገባል፤ ካልነበረበትም ቦታ ይዳረሳል። መጀመሪያ ሰምና ቅባት ማንሻ ፈሳሽ ነው። እሱም ቢሆን እንደ ወለል አይወለወልም። በአንድ እጅ የራሰ ጨርቅ፣ በሌላው ደረቅ ጨርቅ። የራሰው ያቀልጣል፤ ፈሳሹ ሳይተን ደረቁ ወዲያው ተከትሎ ያነሳል። ከተነነ ቆሻሻው ባለበት ተመልሶ ይተኛል። ጨርቁም ቶሎ ቶሎ ይገለበጣል፣ ይጣላል። ከታጠበ በኋላ ይፋቃል፤ ከተፋቀ በኋላ እንደገና ይታጠባል።

ቅዳሜ ተረጨ። አዎ፣ ደግሞ ዓይን ወጣ። አሁንስ ጥቂት ነው፤ ግን ተራ ይዟል። በእጅ የተጠረገ መስመር ይመስላል። ጋሼ ቆቡን መሬት ላይ ወረወረ። እኔ ግን ገባኝ። ጨርቆቹን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ። ታጥበው የታጠፉ፣ ንጹሕ ማይክሮፋይበሮች። የታጠቡት ጎማ ከጠረጉት ጨርቆች ጋር በአንድ ሳፋ ነው። ሳሙና አረፋ ያወጣል እንጂ ሲሊኮንን ጠራርጎ ከጨርቅ አያወጣም።

በዚያች ሰዓት ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ይሄም የኔ ነው።» ሳቀብኝ። ምን ያድርግ።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለዚህ ችግር ተብሎ የሚሸጥ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነበረው። ክሊሩ ውስጥ ጠብ ይደረጋል፤ ጉድጓዱ ይጠፋል። «ለምን አልተጠቀምንበትም?» አልኩት። የጠርሙሱ ሆድ ውስጥ ያለው ራሱ ሲሊኮን ነው አለኝ። ክሊሩን ራሱን ያስለምደዋል። ከዚያ በኋላ ግን መርጫውም፣ ጥጉም፣ የሚቀጥለው መኪናም ይነካካል። «ሌባ ለመያዝ ሌባ መቅጠር ነው» ብሎ መልሶ ቆለፈበት።

ሰኞ በአዲስ ጨርቅ፣ ወለሉ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ማንም መኪናዋን በባዶ እጁ ሳይነካ ተረጨ። የእጅ ነገር ቀልድ አይደለም። በጥር ድርቀት ሁላችንም ቫዝሊን እንቀባለን፤ አንዳንዱ ሎሽንና የፀጉር ቅባት ደግሞ ሲሊኮን ራሱ አለበት። ለኮፈን ይህን ያህል ስንጠነቀቅ ረዳቱ ልጅ አፉን በሻሽ ብቻ ሸፍኖ ነበር የሚቆመው። የክሊሩ ሃርድነር (ማጠንከሪያው) ኢሶሲያኔት የሚባል፣ አስም የሚያመጣ ነገር አለበት፤ ሻሽ አያስቆመውም። ለሳንባ ከኮፈን ያነሰ ነበር የምናስበው።

ክሊሩ መስታወት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ጣሳዎቼ ከጋራዡ ወጡ። የጎማ ማጥቆሪያ በስፖንጅ፣ ውጭ፣ ቀለም ሊረጭ በማይታሰብበት ሰዓት ብቻ ሆነ። የጎማ ጨርቅ ቀይ፣ የቀለም ክፍል ጨርቅ ነጭ፤ በአንድ ሳፋ አይገናኙም። ሌላም ነገር ልብ አልን። ሰው ወደ ቀቢ ሲሄድ መኪናውን ላቫጆ አስገብቶ፣ አስወልውሎ ነው የሚያመጣው። እንግድነት ነው፤ ጨዋነት ነው። ለቀቢ ግን መከራ ነው። አሁን ቀጠሮ ስይዝ «በውሃና በሳሙና ብቻ ይታጠብ፣ አይወልወል» እላለሁ።

ባለ ቪትዟ አባት መኪናዋን ሊወስዱ ሲመጡ ደስ አላቸው። ሠርጉ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል።

«እንግዲህ ሰም ቀባልኝና ታብለጭልጭ» አሉኝ።

«አይሆንም አባቴ።»

«ለምን? ከፋብሪካ የወጣ አዲስ መኪና ወዲያው ሰም ይቀባ የለም እንዴ?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። የፋብሪካ ቀለም ባዶ ቆርቆሮው ላይ ሳለ 140 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ሙቀት ይጋገራል። ተገጣጥሞ ያለቀ መኪና ግን ፕላስቲኩ፣ ጎማው፣ ሽቦው ስላለ እንደዚያ አይጋገርም። ፎርኖ ያለው ቀለም ቤት እንኳ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያሞቀው። የእኛ ደግሞ የጥር ፀሐይ ብቻ ነው። ላዩ ሲነካ ደርቋል፤ ውስጡ የቀረው ቲነር ግን ገና እየተነፈሰ ይወጣል። ሰም ሲለብስ መተንፈሻውን ይዘጋበታል፤ ክሊሩ ሊደበዝዝ ወይም ለስላሳ ሆኖ ሊቀር ይችላል። የቀለም አምራቾች እንደየዓይነቱ ከ30 እስከ 90 ቀን ጠብቁ የሚሉት ለዚህ ነው። በፎርኖ ለደረቀው አጭሩን፣ እንደ እኛ በአየር ለደረቀው ረጅሙን እመርጣለሁ።

«ታዲያ እንዲሁ ላጅባት?»

እንዲሁ አልሰጠኋቸውም። ክሊሩ እስኪጠነክር ከቆየ በኋላ ሰምም ሲሊኮንም በሌለው ፖሊሽ ክሊሩ ላይ የተጣበቀውን አቧራ በእጄ አነሳሁላቸው። ይህ የሚያበራው ገጹን በማስተካከል ነው እንጂ በመሸፈን አይደለም፤ ስለዚህ ትንፋሹን አይዘጋም። በጥላ ቦታ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በለስላሳ ጨርቅ እንዲያጥቡ ነገርኳቸው። የሚሽከረከር ብሩሽ አይንካት። ወፍ ካቆሸሸባት እስከ ማታ አይቆይ፤ ወዲያው በውሃ ይለቅ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ሪባኑን ነው። ለሠርግ መኪና የሚያስጌጡ ልጆች በየቦታው ፕላስተር መለጠፍ ይወዳሉ። ትኩስ ክሊር ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሲነሳ ምልክቱ ይቀራል፤ አንዳንዴ ቀለሙንም ይዞ ይነሳል። «ኮፈኑ ላይ ምንም እንዳይለጠፍ፤ ሪባኑ ከስፖኪዮና ከበር እጀታ ላይ ይታሰር፤ አበባው ያልተቀባው ጣሪያ ላይ ይሁን» አልኳቸው።

«ከሙሽራዋ በላይ አስቸገረችን እኮ!» ብለው ሄዱ።

ረዳቱን ልጅ ይቅርታ የጠየቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ሻይ ጋበዝኩት። «ያን ቀን በኔ የተነሳ ነው የተሰደብከው» አልኩት።

«አውቄ ነበር» አለኝ።

«እንዴት?»

«እንጆሪ እንጆሪ ትሸት ነበር።»